ጋሼ ያላገኙት በተን

የእድራችንን መዝገብ ወደ ዌብ አፕሊኬሽን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ገንዘብ ያዣችን ያንን ጠርዙ ያለቀ መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው ሲመጡ ሳይ ጊዜ "ይሄንን እኮ እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ። ጃቫስክሪፕት መማር ከጀመርኩ 7 ወሬ ነበር። 7 ወር አደገኛ ዕድሜ ነው፤ ሰው ሁሉን ያወቀ የሚመስለው ያኔ ነው።

ሠራሁት ደግሞ! መዋጮ ሲገባ ገጹ ሳይታደስ ድምሩ ይቀየራል። የከፈለ በአረንጓዴ፣ ውዝፍ ያለበት በቀይ። ጽሑፍ የሌላቸው ቆንጆ ቆንጆ ምልክቶች፣ ሲነኩ ከፍ ዝቅ የሚሉ። ለሰፈር ልጆች ሳሳያቸው አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ በእሁድ ስብሰባ ጋሼ "እስቲ እኔም የከፈልኩትን ልስማ" አሉ። ጋሼ የዓይናቸውን ብርሃን በግላኮማ ካጡ ቆይተዋል። ስልካቸውን የሚጠቀሙት በቶክባክ ነው፤ አንድሮይድ ላይ ያለ፣ ጣት የነካውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም። በዚያ ስልክ መልእክት ይልካሉ፣ ዜና ይሰማሉ፣ ከኔ በላይ ይፈጥናሉ። የኔን ገጽ ከፍተው ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አንሸራተቱ። ስልኩ ዝም። እንደገና። ዝም።

"የታል?" አሉኝ።

"እዚህ ጋ ነው ጋሼ" ብዬ ጣታቸውን ይዤ አስነካኋቸው።

"ልጄ፣ በመዝገቡም ሰው ነበር የሚያነብልኝ። በዚህም ሰው ካነበበልኝ ምኑ ተለወጠ?"

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ኮዴን ከፈትኩ። ነገሩ ቀላል ነበር፣ ያሳፈረኝም ቀላልነቱ ነው። ኤችቲኤምኤል የራሱ የሆነ በተን አለው። በኪቦርድ ይደረስበታል፣ ለማንበቢያ ፕሮግራሞች "እኔ በተን ነኝ፣ ስሜ ይህ ነው" ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። እኔ ግን መልኩ ስላላማረኝ ጥዬው ከባዶ "ዲቭ" ላይ ሥዕል ለጥፌ በተን አስመሰልኩት። ለሚያይ ሰው በተን ነው። ለጋሼ ባዶ ግድግዳ ነው። ቀይና አረንጓዴውም እንደዚያው፤ "ተከፍሏል" እና "ውዝፍ" የሚሉ ሁለት ቃላት መጻፍ ምን ይከብዳል? ከዚህም የባሰው፣ የገጹ ራስጌ ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው የሚል መስመር ነበር። ከናሙና ስገለብጥ አብሮ የመጣ። ታዲያ የሚያነበው ድምፅ አማርኛዬን በምን ይወቅ?

(በነገራችን ላይ ፎርሜ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም ነበር። ስም የሚያጣራውን ኮድ ከሰው ገልብጬ፣ ከላቲን ፊደል ውጪ ያለውን ሁሉ "ስህተት" ይላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ነው፤ እኔ የእናቴን ስም የማያውቅ ፎርም ሠራሁ።)

ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ ስክሪን አንባቢ አለ። ማይክል ከራን እና ጄምስ ቴህ የሚባሉ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን በ2006 የጀመሩት ነው። ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት፣ ስክሪኑን በጨርቅ ሸፈንኩና የራሴን ገጽ ልጠቀም ሞከርኩ። 10 ደቂቃ አልቆየሁም።

በተኖቹን አስተካክዬ ሳልጨርስ ሁለተኛው መጣ። የገንዘብ ያዣችን ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ ስልኳን ይዛ መጣችና "ይሄ ነገር ትክክል ነው?" አለችኝ። አድራሻው መጨረሻ ላይ የቤታቸው ቁጥር 17 ነበር። 18 ብላ ቀየረችው። የጎረቤታቸው ሂሳብ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ የ5 ወር ውዝፍ።

እድር ያለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እነዚያ ጎረቤታችን ችግር ላይ እንደሆኑ የሚያውቁት ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ዝም ብለው ይዘውላቸው ነበር። በፌስታል የተጠቀለለው መዝገብ ገመናቸውን ሸፍኖ ነበር። እኔ አደባባይ ላይ ዘረጋሁት።

ፓስወርድ ስለነበረው የተቆለፈ መስሎኝ ነበር። ሰርቨሩ "ገብተሃል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "ይህ መዝገብ ያንተ ነው ወይ?" ብሎ አይጠይቅም ነበር። የውጩን በር ቆልፌ በክፍሎቹ መካከል ግድግዳ አልሠራሁም። የሌላውን ሰው ሊንክ ከገጹ ላይ መደበቄን እንደ ጥበቃ ቆጥሬው ነበር፤ ብሮውዘሩ ግን የተጠቃሚው ነው፣ እንደፈለገ ይቀይረዋል። ፈቃድ የሚጣራው ሰርቨሩ ላይ ነው። ፓስወርዶቹንም እንዳሉ በጥሬው ነበር ያስቀመጥኳቸው። እሱን በቢክሪፕት ቀየርኩት።

ለኮሚቴው ነገርኩ። እትዬ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቡና አፍልተው አጠጡኝ፣ እሱ ከስድብ በላይ አመመኝ። ገጹን ለ3 ሳምንት ዘጋሁት። ፌስታሉ ተመለሰ።

የተማርኩባቸው ቪዲዮዎች በሙሉ የሚጀምሩት ከሚንቀሳቀሰው ነገር ነው። ደህንነት መጨረሻ ላይ አንድ ምዕራፍ፣ ማየት ለማይችሉ ሰዎች ማመቻቸት ደግሞ "ጊዜ ካላችሁ"። እኔም እንደዚያው በቅደም ተከተል ተማርኩ፣ በቅደም ተከተል አጠፋሁ።

ስከፍተው ደግሞ ጠንቃቃ ሆኜ፣ ለ5 ደቂቃ ምንም ያልተነካ ገጽ ራሱ እንዲዘጋ አደረግኩ። በማግስቱ ጋሼ ደወሉ። "በሩን ዘጋህብኝ እኮ!" እሳቸው ሰምተው ነው የሚያነቡት፤ ዝርዝሩን ሳይጨርሱ ይወጣሉ። ለደህንነት ብዬ የሠራሁት እሳቸውን መልሶ አስወጣቸው። አሁን ከመዘጋቱ 2 ደቂቃ በፊት "ልቀጥል?" ብሎ ይጠይቃል፣ ጥያቄውንም ቶክባክ ያነበዋል። ይህቺን አንዷን ነገር ለማስተካከል ከበተኖቹ ሁሉ በላይ ደክሜያለሁ።

ባለፈው እሁድ ጋሼ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ብቻቸውን ሲሰሙ ቆዩና "የጥር አልተመዘገበልኝም" አሉ። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ከፌስታሉ አውጥተው ገለጡ። እውነታቸውን ነበር።