ከሪያድ የመጣው ካርቶንና የአባቴ ኮሮላ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም አንብቡት። በዕድሜ የገፋ አባት ወይም እናት ያላችሁ ሁሉ ነገሩ ይመለከታችኋል።

ጊዜው 2010 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር። ሪያድ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ወደ አገር ከሚገባ ሰው ጋር አንድ ካርቶን ላከ። ካርቶኑ ውስጥ ለእናቴ አባያ፣ ለልጆቹ ጫማ፣ ሁለት እሽግ ተምር እና በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ዕቃ ነበር። ስልክ ደወለና «እሱ የአባ ነው። መኪናው ላይ አስገጥምለት፣ ጉልበቱን ያሳርፈዋል» አለኝ። ዕቃው ክሩዝ ኮንትሮል ነበር።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አሰብ ወደባችን በነበረችበት ዘመን፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ በኤንትሬ ፊያት ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። የቀኝ ጉልበቱ ሕመም የዚያ ዘመን ትርፍ ነው። ሥራ ሲያቆም በእጁ የቀረችው እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለ ካርቡራተር፣ 1.3 ሊትር ሞተር፣ የኋላ ጎማዋ የሚገፋት። በሳምንት ሁለት ቀን በእሷ ወልድያ ደርሶ ይመለሳል፤ ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጉልበት የሚያመው ሰው ዳገትና ጠመዝማዛ የሚከብደው ይመስላችሁ ይሆናል። አባቴ ግን የሚቸገረው ሜዳው ላይ ነበር። ዳገት ላይ እግር ይንቀሳቀሳል፤ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሽ ይቀየራል። የራያ ሜዳ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከሮቢት ወደ ቆቦ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃና አላማጣ ስትሄዱ እግራችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ በአንድ ቦታ ተተክሎ ይቆያል። የታመመ ጉልበት ደግሞ የሚቆልፈው ያኔ ነው።

ስለ ዕቃው ስነግረው «የእጅ ነዳጅ ነው እንዴ?» አለኝ። በድሮ መኪኖች ላይ በእጅ ተስቦ ነዳጁን ባለበት የሚይዝ እጀታ ነበር። «ተመሳሳይ አይደለም አባ» አልኩት። የእጅ ነዳጅ የሚይዘው ነዳጁን ነው፤ ዳገት ሲመጣ መኪናው ይደክማል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ይሮጣል። ክሩዝ ኮንትሮል ግን የሚይዘው ፍጥነቱን ነው። መኪናው በስንት እንደሚሄድ እየለካ፣ ሲቀንስ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሲበዛ ይቀንሳል።

ይህን ሐሳብ ያመጣው ራልፍ ቲቶር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው ገና በ5 ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ሁለት ዓይኖቹን ያጣ፣ ማየት የተሳነው ሰው ነበር። እንደሚነገረው ጠበቃው መኪና እየነዳ ሲያወራ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ዝም ሲል ይጨምራል። መኪናው ወደፊትና ወደኋላ ሲወዘውዘው የተማረረው ቲቶር ፍጥነትን አንድ ላይ የሚያቆይ መሣሪያ ለመሥራት ተነሳ። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፤ በ1958 ደግሞ ክራይስለር በመኪኖቹ ላይ አዋለው።

ይህንን ለአባቴ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «ማየት የማይችል ሰው ነው የሠራው? ታዲያ ለእኔ የተሠራ ነዋ!» አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያን ጊዜ ቀልዱን እንጂ ቃሉን አልሰማሁትም።

ቆቦ ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒካችን ድሮ የአባቴ ረዳት የነበረ ሰው ነው። ዛሬም አባቴን «ጋሼ» ይለዋል፣ በአንቱታ ነው የሚያናግረው። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለረጅም ሰዓት አገላብጦ አየው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ ማግኔት ይታሰራል፤ አጠገቡ ያለ ትንሽ መቁጠሪያ ዘንጉ ሲዞር እየቆጠረ ፍጥነቱን ያውቃል። ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጠረው ቫኪዩም በቀጭን ቱቦ ይወሰዳል፤ ያ ቫኪዩም አንድ የጎማ ልባስ ይስባል፣ ልባሱም በገመድ ካርቡራተሩን ይከፍታል። ፍሬን ሲነካ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ አየር ይገባል፣ ገመዱ ይላላል።

«ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ግን አትመኑበት» አለን። ነዳጅ በደንብ ሲከፈት የሞተሩ ቫኪዩም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ደጋ ስትወጡ አየሩ ራሱ ይሳሳል፤ እንደ ደሴ ባለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የመሳብ አቅሙ ይደክማል።

ቀጥሎ የካርቡራተሩን ሞላ በጣቱ ጎተት አድርጎ ለቀቀው። እንደገና ጎተተው። ፊቱ አላማረኝም።

«ጋሼ፣ ይቺ ሞላ ደክማለች። 35 ዓመት ሙሉ ስትጎተት ኖራለች። ለእግርዎት ትበቃለች፣ ለዚህ ገመድ ግን አትበቃም። ሁለተኛ ሞላ ልጨምርበት፤ ከወልድያ እስኪመጣ ሁለት ቀን ስጡኝ።»

እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሰኞ አዲስ አበባ ሥራ መግባት ነበረብኝ፤ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጠብቀኛል። ወንድሜ ደግሞ በየሰዓቱ «ተገጠመ? ቪዲዮ ላክልኝ» ይለኛል። «ለሙከራ ያህል ብቻ እንያት፣ ሞላዋ በኋላ ትመጣለች» አልኩ። መካኒኩ ወደ አባቴ አየ። አባቴም ዝም አለ። መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ይሄ ዕቃ የሚፈተነው ሲይዝ አይደለም፤ ሲለቅ ነው።»

ከዙህር በኋላ ወደ ዋጃ አቅጣጫ ወጣን። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎኑ፣ መካኒኩ ከኋላ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ደርሶ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞታል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል። 60 ላይ ሲደርስ ቁልፉን ተጫነው፣ እግሩንም አነሳ። መኪናዋ ሳትደክም ሳትፈጥን ቀጥ ብላ ሄደች። አባቴ ቀኝ እግሩን ዘረጋ፤ ጉልበቱን በእጁ አሸት አሸት አድርጎ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ለስንት ዓመት ያላየሁትን ፈገግታ ያን ቀን አየሁ። ስልኬን አውጥቼ ለወንድሜ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርኩ።

ከማሽላው መሐል ፍየሎች ወጡ። ከኋላቸው በትር የያዘ፣ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ። በሩቅ ነበርና አባቴ አይቶታል ብዬ ዝም አልኩ። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ትንሽ ጠበቅሁ። አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

«አባ! ልጅ!»

ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ግን ማገዷን እንቢ አለች፤ ፍሬኑ ወደኋላ ይይዛታል፣ ሞተሩ ወደፊት ይገፋታል። ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሞተሩ እንደ ቆሰለ እንስሳ ጮኸ። መካኒኩ በወንበሮቹ መሐል እጁን ሰዶ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልሶ አጠፋው፤ መሪው እንዳይቆለፍ ጨርሶ አላዞረውም። ቆምን። ከልጁ እስከ መኪናዋ አፍንጫ ሦስት እርምጃ አይሞላም ነበር። ልጁ ተመለከተን፣ ፍየሎቹን ቆጠረ፣ ሄደ።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። ገመዱ ከመያዣው ሥር ትንሽ ተጣሞ ነበር፤ የደከመችው ሞላ ስባ ልትመልሰው አልቻለችም። በእጁ ነካ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር።

እኔ ስለ ገመዱ እጠይቃለሁ፣ እሱም ይመልሳል። አባቴ ግን የገመዱን ነገር አልጠየቀም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «አንተ ልጁን መቼ ነው ያየኸው?» አለኝ።

ልዋሽለት ፈልጌ ነበር። «ከሩቅ ነው አባ» አልኩት።

«እኔ አንተ ስትጮህ ነው ያየሁት» አለ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። ለሁለት ሰከንድ ያላዩት ነገር 33 ሜትር ነው። ይህን ለአንድ አሮጌ ሹፌር ማንም ማስላት አያስፈልገውም። ተነሳ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ፣ በሌላኛው በር ገብቶ ተቀመጠ። ወደ ቆቦ እስክንመለስ አንድም ቃል አልተናገረም።

ያን ቀን ነው የገባኝ። እኛ ልጆቹ ከጉልበቱ ጋር ስንታገል ዓይኑን አላየንለትም። «ለእኔ የተሠራ ነዋ» ሲለኝ እየነገረኝ ነበር። ወንድሜ በቅንነት ዕቃ ላከ፣ እኔ በችኮላ አስገጠምኩ፤ ሁለታችንም መንዳቱን ልናመቻችለት እንጂ መንዳት ይችል እንደሆነ ልንጠይቀው አልደፈርንም። መሣሪያው እግሩን በማሳረፉ ችግሩን የበለጠ ሊደብቅብን ነበር።

ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ተገኘ። የዓይን ሞራ በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ግንባር ቀደሙ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱ እንኳ አያውቀውም፤ መብራቱ የደከመ፣ መስታወቱ የቆሸሸ ይመስለዋል። አባቴ ለዓመት ያህል የኮሮላዋን መስታወት ሲወለውል ነበር።

አሮጌ መኪና ላይ ይህን ዕቃ ለማስገጠም ለምታስቡ ወንድሞች የመካኒኩን ምክር ላስተላልፍ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ገመዱን በእጃችሁ ስባችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ አትነሱ። ለደከመ ሞላ ሁለተኛ ሞላ ጨምሩ። ብዙዎቹ ዕቃዎች ፍሬን መረገጡን የሚያውቁት ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ስለሆነ፣ አምፖሎቹና ሽቦው ደህና መሆናቸውን ቀድማችሁ እዩ። በዝናብ፣ በጠመዝማዛ፣ በከተማና ከብት በሚበዛበት ሰዓት አትጠቀሙበት። ከሁሉም በላይ አትቸኩሉ፤ የሁለት ቀን ሞላ ጠብቄ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ፊት እንደዚያ ባልቆምን ነበር።

ኮሮላዋ አሁንም አለች። ሁለተኛ ሞላ ገብቶላታል፣ ገመዱም ተቀይሯል። አባቴ ቀዶ ሕክምናውን አድርጎ ዛሬ ከግቢያችን ሆኖ የዞብልን ጫፍ ያያል። ሐኪሙ መንዳት እንደሚችል ቢነግረውም መሪውን ተመልሶ አልያዘም። እኔ ስመጣ ከጎኔ ይቀመጣል። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቁልፉን እጫናለሁ፣ እግሬን አነሳለሁ። አባቴ ግን ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አያነሳም። ገና እኔ ምንም ሳላይ፣ ማሽላው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ሲነቃነቅ፣ ክንዴን ነካ ያደርገኛል።

«ልቀቀው» ይለኛል።