«ሀ» ሥዕል የነበረች ጊዜ

ወይ የሞደሙ ጩኸት! እኩዮቼ፣ ታስታውሱት የለም? ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ያንቋርራል፤ ገና ከኢንተርኔት ተገናኘ ብለን እፎይ ስንል አንዱ ከወዲያኛው ክፍል ስልኩን ያነሣና እንደገና ከሀ!

በ1998 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን አጠገብ ስኖር፣ ጂኦሲቲስ ለድረ ገጽ በነፃ የሚሰጠውን ቦታ፣ ያውም ልክ እንደ ቀበሌያችን በሰፈርና በቤት ቁጥር የተከፋፈለውን፣ አግኝቼ፣ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች የሚከትሙበትን «አቴንስ» መርጬ፣ ኖትፓድ ከፍቼ፣ የኤችቲኤምኤሉን ትእዛዝ ከተዋስኩት መጽሐፍ ላይ በአንድ ጣት እየለቀምኩ የእናቴን የዶሮ ወጥ አሠራር ልጽፍ ተቀመጥኩ። ያኔ አንድ ቃል ለማድመቅ ትእዛዙን ከፍታችሁ መዝጊያዋን ጭረት ከረሳችሁ፣ ከዚያ በታች ገጹ ሁሉ ይደምቃል! ዛሬ? ነካ፣ ደመቀ፤ ነካ፣ ፈዘዘ።

ፊደሉማ! የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የሰፈሩ ስለነበሩ፣ ፎንቱ የሌለው ሰው የሚያየው የተደበላለቀ ላቲን ነበር። ስለዚህ ጽሑፉን ሥዕል አድርገን እንሰቅል ነበር። ሥዕሉም ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ሽንኩርቱ፣ ቆይቶ በርበሬው፣ ቡናው ቶና ሲደርስ አሥራ ሁለቱ ብልት! «በርበሬ» ላይ አንዲት «ር» ብትጎድል ሥዕሉ እንደ አዲስ ይሠራል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጠው፤ ኋላም ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞልን መጣ፤ «ሀ»ም በየቤቱ «ሀ» ሆነች።

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ ለባልትና ሱቋ ድረ ገጽ ልትከፍት አሰበች። «መጀመሪያ የምትይውን ወረቀት ላይ ጻፊው» አልኳት፤ እኛም የጀመርነው በወረቀት ነውና። ከዚያ ስም መርጣ ዶሜይን ገዛች፣ ሆስቲንግ ተከራየች፣ ዎርድፕሬስ ላይ የተዘጋጀ ቅርጽ መረጠች፣ የሽሮዋንና የበርበሬዋን ፎቶ በስልኳ አንስታ ሰቀለች፤ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ! እዩልኝ እንግዲህ፣ ጉልቻው ያው ሦስት ነው፦ ስም፣ ቦታ፣ የምትናገሩት ነገር።

ማታ ደወለች። «አክስቴ፣ አንድ ሰው አዘዘ! የማላውቀው ሰው!» እኔም የገጼ ቆጣሪ 000002 ያለ ዕለት እንዳልኩት እልል አልኩላት፤ እሷም ከወዲያ ተቀበለችኝ። ያን ያህል ስንጮህ ደግሞ መስመሩ አልተቋረጠም!