የትልቁ ጠርሙስ ዋጋ

አንድ ጠርሙስ ቢራ ስንት ብር ሲወጣበት ነው “በዛ” የሚባለው? የምጠይቀው ሰባኪን ወይም የቁጠባ ባለሙያን አይደለም፤ ራሴን ነው። ቢራ እወዳለሁ። ከጽሑፍ ከማገኛት ክፍያ ላይ እንኳ ለእሱ የምትሆን ሳንቲም ለይቼ አስቀምጣለሁ። ስለዚህ የመጠጥን ዋጋ ጠንቅቄ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አለማወቄን ያሳየችኝ በወላይታ የምትገኘው ትንሿ ከተማ በዴሳ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ግንቦት በዴሳ የሚኖር የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የመጀመሪያ ልጁን ወለደ። አስተማሪ ነው። አራስ ልጠይቅ ስነሣ ለእናቲቱና ለሕፃኑ የሚሆነውን እህቴ መረጠችልኝ፤ የአባትየውን ግን ለራሴ አስቀረሁት። ከውጭ አገር የመጡ መጠጦች ከሚሸጡበት አንድ ሱቅ ገባሁና መደርደሪያው ላይ ካለው ሁሉ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ዓይኔን ያዘው። እንደ ሻምፓኝ በቡሽና በሽቦ የታሰረ፣ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቤልጂግ ቢራ ነው። ስሙ ሺሜ ይባላል። ዋጋው 2,400 ብር።

ከሻጩ ጋር አልተከራከርኩም። የተከራከርኩት ከራሴ ጋር ነው፤ ያሸነፍኩትም በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ይህ ቢራ የገዳም ሥራ ነው። ስኩርሞን የሚባለው ገዳም መነኮሳት መጥመቅ የጀመሩት በ1862 እ.ኤ.አ. ነው። “ትራፒስት” የሚለውን ማኅተም ለማግኘት ቢራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ፣ በመነኮሳቱ እጅ ወይም በእነርሱ ተቆጣጣሪነት መጠመቅ አለበት፤ ገቢውም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለተቸገሩ መርጃ መዋል አለበት። ከመነኩሴ ጋር ዋጋ መከራከር ደግ አይደለም። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአልኮል መጠጦች የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል ነበሩ። ክልከላው ሲነሣ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሁሉ በብር ሲሰላ ተወደደ። ሦስተኛውና ደስ ያሰኘኝ ምክንያት ግን ይህ ነበር፤ ትልቅ ጠርሙስ የሚገዛው ለብቻ ለመጠጣት አይደለም፤ ለመካፈል ነው።

በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጌ ሶዶ ደረስኩ። ከሶዶ ወደ ድምቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚኒባስ ተሳፍሬ በዴሳ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር። ሾፌሩ አንድ ሁለት ጊዜ በመስታወቱ አይቶኝ ፈገግ ብሏል።

ጓደኛዬ ጠርሙሱን ሲቀበለኝ እንደ ልጅ ደስ አለው። ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠው። ያኔ ነው የዋጋው ወረቀት ከሥሩ እንደ ተለጠፈ መቅረቱ ትዝ ያለኝ። አነበበው። ምንም አላለም። “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ቡፌው ላይ፣ ከሠርጉ ፎቶግራፍ አጠገብ አቆመው። እንክፈተው አላለም፤ እኔም መጠየቅ ከበደኝ። እንክፈተው ቢልስ ማን ሊጠጣው ኖሯል? ባለቤቱ ፕሮቴስታንት ናት፤ መጠጥ አፏ አይገባም። ቤት የነበረው ወንድሙም እንዲሁ። የውጭ አገር ሚስዮናውያን በ1928 እ.ኤ.አ. ወላይታ ከገቡ ወዲህ አልኮል የማይገባበት ቤት በርክቷል፤ እኔም ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ለመካፈል ብዬ የገዛሁት ጠርሙስ ግን ተካፋይ የለውም ብዬ ሱቁ ውስጥ ለአፍታ አላሰብኩም።

ማታ ጓደኛዬ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ጠርቶ ወደ አንድ ሆቴል ወሰደኝ። ቢራ በቢራ ላይ ታዘዘ። ያው የምናውቀው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው፤ አንዱ 80 ብር። ባዶው ጠርሙስ እንደ ልማዱ ለሂሳብ እንዲመች ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ይህን ልማድ ድሮ እወደው ነበር፤ ስንት እንደ ጠጣን ለአላፊ አግዳሚው የሚናገር የጠርሙስ ሰልፍ ነውና። ያን ዕለት ግን ሰልፉ ሲረዝም አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ጥሬ ሥጋ በዳጣ መጣ። ሌላ ዙር መጣ። “ይበቃናል” ስል ጓደኛዬ “አንተ እንግዳ ነህ፤ ዝም በል” ይላል። ለመክፈል ኪሴ ስገባ እጄን ይዞ አስተናጋጇን በወላይትኛ አንድ ነገር አላት፤ የእኔን ብር ሳትነካ ሄደች። ሂሳቡን በጨረፍታ አየሁት፤ 2,480 ብር። ያኔ ቁጥሩ ምንም አላለኝም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ጓደኛዬ ወደ እናቱ ቤት ወሰደኝ። እናቱ ቦርዴ ይሸጣሉ። ልጃቸውን ከአንደኛ ክፍል እስከ መምህራን ኮሌጅ ያስተማሩት በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ላይ በተሰቀለ ጣሳ ይታወቃል፤ እዚህ ግን ምልክት ማን ይፈልጋል? ከገበያ የሚመለሰው ሰው መንገዱን በደንብ ያውቀዋል።

ቦርዴ ጠላ አይደለም፤ ጌሾ የለውም። መልኩም ውፍረቱም ወደ አጥሚት ይቀርባል፤ ጣዕሙ ኮምጠጥ ይልና መጨረሻው ላይ ይጣፍጣል። የሚጠጣው ገና እየፈላ ሳለ ነው። አሠራሩን እናትየው ነገሩኝ፤ ጓደኛዬ እያስተረጎመ። በቆሎው ተፈጭቶ በውኃ ይነከርና ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ከቡኮው ከፊሉ በምጣድ ታምሶ እንኩሮ ይሆናል፤ እንኩሮው ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል። በማግስቱ ተድቦልቡሎ በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ ይጨመርበታል። በመጨረሻም እንደገና ብቅልና ውኃ ገብቶበት በወንፊት ይጠለላል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አራት አምስት ቀን ይወስዳል። ከተጠለለ በኋላ ያለው ዕድሜ ግን የአንድ ቀን ነው፤ ቢያድር ይኮመጥጣል፤ የሚጠጣውም ያጣል። ገበሬውና የቀን ሠራተኛው አንድ ጣሳ ጠጥቶ ምሳውን ይረሳል። ለአራስም ወተት ያበዛል ይባላል። በዚህ ጉዳይ እናትየውና ምራታቸው አልተስማሙም፤ አማቲቱ ቦርዴ ይልካሉ፣ አራሷ ቦርዴውን ለጎረቤት ሰጥታ አጥሚቷን ትጠጣለች። ሁለቱም ይህንን ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አያነሡትም።

አንድ ሊትር ገደማ የምትይዘው ጣሳ 25 ብር ናት። በሩ አጠገብ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ቅል እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። አንድ ወጣት የከሰል ጆንያውን ግድግዳ አስደግፎ ቆሞ ይጠጣል። እኔም ሁለት ጣሳ ጠጣሁ። ጓደኛዬ ስለ ትልቁ ጠርሙስ ለእናቱ ነግሯቸው ኖሮ ወደ እኔ ዞር አሉና ጠየቁኝ።

“ልጄ፣ ያ ጠርሙስ ለስንት ሰው ይበቃል?”

“ለሦስት፣ ለአራት ሰው” አልኩ።

አሰቡበት። ከዚያም አንድ ነገር ተናግረው ወደ ወንፊታቸው ተመለሱ። ጓደኛዬ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም። ስጨቀጭቀው ነገረኝ፤ “አምስተኛው ሰው ሲመጣስ?” ነው ያሉት።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን ስሸክፍ ጓደኛዬ ባጃጅ ሊጠራ ወጣ። ባለቤቱ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። “ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልንገርዎት” አለችኝ። “ትናንት ማታ የወጣው ገንዘብ የጊፋታው የበሬ ገንዘብ ነው። የዚህ ወር ደመወዝ ዘግይቷል። ያመጡለትን ጠርሙስ ዋጋ ካየ በኋላ ባዶ እጁን ሊያስተናግድዎት አልቻለም።”

ጊፋታን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በመስከረም የሚከበር የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ለዚያ ቀን የሚሆነው ዝግጅት ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም ይከርማል፤ ወንዶቹ ለበሬው በየጊዜው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሴቶቹ ለቅቤው። በሬው ተገዝቶ በቅርጫ ይከፋፈላል። ከዚያ መዋጮ የጎደለ ሰው ከሥጋው ብቻ አይደለም የሚጎድለው። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ሲካፈል እሱ ቤቱ ይቀመጣል፤ ወይም ተበድሮ ይሞላል። ጓደኛዬ ሁለተኛውን እንደሚመርጥ አውቃለሁ።

ከሶዶ ስነሣ መናኸሪያው ውስጥ ተቀምጬ ሂሳቤን ሠራሁ። በ2,400 ብር 30 ጠርሙስ የአገር ቢራ ይገዛል። በ2,400 ብር 96 ጣሳ ቦርዴ ይገዛል፤ ያ ማለት በእናትየው ቤት በአንድ ገበያ ቀን የሚመጣውን ሰው ሁሉ አንዳንድ ጣሳ መጋበዝ ነው። የሆቴሉ 2,480 ብርም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጓደኛዬ እኔን ሊያሰክረኝ አልነበረም ዙር ሲደጋግም የነበረው። ከጠርሙሴ ሥር ያነበበውን ቁጥር እየሞላ ነበር። ብድር በምድር ነው። እኔ ስጦታ ሰጠሁ ብዬ ነበር፤ ለካ የሰጠሁት ዕዳ ነው፤ መጠኑንም ተጽፎ በተለጠፈ ወረቀት አሳውቄዋለሁ።

ይህን ስል ድሃ አገር ውድ መጠጥ አይግባ፣ በዴሳ ቦርዴዋን ትጠጣ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚሰብክ ሰው ደስ አይለኝም። ለጥሩ ቢራ ጥሩ ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው። በዓለም ላይ በትንሽ ቤት፣ በጥቂት ሰዎች እጅ የሚጠመቅ ቢራ ከፋብሪካው ይልቅ የሚወደደው ድካሙ ስለሚታይበት ነው። አዲስ አበባም ውስጥ ቢራውን እዚያው ጠምቆ “ብሎንዲ” እና “ኢቦኒ” እያለ በመሸጥ ስም ያተረፈ ቤት ቦሌ ላይ አለ። እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ለማላውቀው መነኩሴ ድካም 2,400 ብር ስከፍል ደስ ብሎኛል፤ ለእናትየው የአምስት ቀን ድካም 50 ብር ከፍዬ ስወጣ ደግሞ “እንዴት ርካሽ ነው!” እያልኩ ደስ ብሎኛል። በቆሎው፣ ብቅሉ፣ ማገዶው፣ የውኃው ሸክም ከዚያች ገንዘብ ላይ ሲነሣ ለእሳቸው ምን እንደሚቀር አልጠየቅኩም። ሁለቱም የእጅ ሥራ ነው። አንደኛው ቡሽና ሽቦ ስላለው ብቻ ዋጋው የሚገባው መሰለኝ።

ሌላም ልዩነት አላቸው። ሺሜ ዓመት በዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ እንዲያውም ሲቆይ የሚሻል ነው ብለው የሚያስቀምጡት አሉ። ጥንካሬው 9 በመቶ ነው። ቦርዴ ግን ማደር አይችልም። ማደር ስለማይችልም ሰው መጥራት ግድ ይላል፤ የተረፈው ዛሬውኑ ለጎረቤት፣ ለአላፊ አግዳሚው ካልተሰጠ ነገ ይደፋል። የሚቀመጥ መጠጥ “ለተከበረ ሰው፣ ለተከበረ ቀን” ያሰኛል፤ የማይቀመጥ መጠጥ አምስተኛውን ሰው ይጠብቃል። የእናትየው ጥያቄ ይህ ነበር።

መነኮሳቱ ራሳቸው ይህንን ሳያውቁት አልቀሩም። እዚያው ቤልጂግ ዌስትቭሌተረን ላይ ያለው የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም ለመተዳደሪያው ከሚያስፈልገው በላይ አይጠምቅም፤ ገዢውንም አትርፈህ አትሽጥ ብሎ ይከለክላል። ሌላው ግን እየገዛ በእጥፍ ድርብ ይሸጠዋል። ዋጋ አንዴ ከጠማቂው እጅ ከወጣ ማንን እንደሚጎዳ አይታወቅም፤ እኔ ዘንድ ደርሶ በዴሳ ላይ አረፈ።

እንግዲህ ስንት ይውጣበት? ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ይህ ነው። ብቻዬን የምጠጣው ከሆነ አቅሜ ይወስን፤ የሚጎዳም የሚጠቀምም ኪሴ ነው። ለሰው የማቀርበው ከሆነ ግን ልኩ የእኔ አቅም አይደለም፤ የተቀባዩ ነው። ነገ ሳይበደር፣ ሳይሳቀቅ ሊመልሰው ከሚችለው በላይ ያለው ሁሉ በዝቷል፤ ጠርሙሱ ትልቅ ቢሆንም ትንሽ ቢሆንም።

የበሬውን ገንዘብ ልላክለት ብዬ ነበር። ተውኩት። ባለቤቱ እንደ ነገረችኝ ያውቃል፤ በእሷና በእሱ መካከል ነገር ይገባል፤ እኔም በዕዳ ላይ ዕዳ እጨምርበታለሁ። በሳምንቱ ስልክ ደወልኩና “ለጊፋታ ልመጣ ነው፤ ከቅርጫው አስገባኝ፤ የእኔንም ድርሻ እንደ ሌላው ሰው በየወሩ እከፍላለሁ” አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ።

“ዘግይተሃል፤ ያለፈውንም ትሞላለህ” አለኝ።

“እሞላለሁ።”

“በል እንግዲህ ና። ጠርሙስህም ቡፌው ላይ ነው፤ አልከፈትኩትም። ያን ቀን የሚጠጣው ሰው ሃያ ይሆናል።”

ለሃያ ሰው 750 ሚሊ ሊትር። አንድ የአረቄ መለኪያ እንኳ በቅጡ አይሞላም። በመለኪያ እንቀዳዋለን።