የከንፈር ምችና አልማዝ ባለጭራ ዘመዳሞች ናቸው

እናንተዬ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር እንጫወት። ከንፈሩ ጥግ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት «ምች መትቶኝ ነው» የማይል ማን አለ? ቀጥሎ የሚሆነውም የታወቀ ነው። ዳማከሴ ከጓሮ ይቀነጠስና በመዳፍ ታሽቶ በአፍንጫ ይሳባል፤ ጭማቂውም ቡናው ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ጥፋቱ ደግሞ ሁልጊዜ የፀሐይ ነው።

እናቶቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸው ያለ ነገር አይደለም። የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ሄርፐስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ነው። አብዛኞቻችንን የሚይዘን በልጅነታችን፣ አንዱ ዘመድ አገላብጦ ሲስመን ነው። ከዚያ የፊት ነርቭ ሥር ገብቶ ዕድሜ ልክ ይተኛል። ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ጭንቀት ሲቀሰቅሰው በመጣበት ነርቭ ተመልሶ ከንፈር ላይ ብቅ ይላል። ፀሐይ ትቀሰቅሰዋለች እንጂ አትወልደውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 64 በመቶው ይህን ቫይረስ ተሸክሟል። ታዲያ «ሄርፐስ» የሚል ቃል ሲሰማ የሚሸማቀቅ ሰው ማንን ነው የሚያፍረው?

ሰውን የሚይዙት የሄርፐስ ቤተሰብ አባላት ስምንት ናቸው፤ አንዱን ለሁለት ከፍሎ ዘጠኝ የሚልም አለ። የብልት ቁስል የሚያመጣ አለ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ከኡጋንዳ ሕፃናት የመንጋጋ ዕጢ ውስጥ የተገኘም አለ። እኔን ግን የሚገርመኝ የጉድፍ ቫይረስ ነው። ልጁን አሳክኮት፣ ቅርፊቱ ረግፎ፣ እናት «ተመስገን» ካለች በኋላ እሱ አከርካሪ አጠገብ ነርቭ ውስጥ ተኝቷል። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሣል። ይህን ያመላከተው ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሰፈር ሐኪም ነው። የበሽተኞቹን መዝገብ ለዓመታት ቢከታተል አልማዝ ባለጭራ የጉድፍን ወረርሽኝ አይከተልም፤ የሚጨምረው ከዕድሜ ጋር ነው። ከውጭ አይመጣም፣ ከውስጥ ይነቃል ሲል በ1965 እ.ኤ.አ. ጻፈ።

«ሸረሪት ሄዳበት ነው» ሲሉ፣ «ዞሮ ከገጠመ ይገድላል» ሲሉም ሰምታችሁ ይሆናል። ቫይረሱ የሚከተለው የአንዱን ጎን ነርቭ ስለሆነ ወገብን ዞሮ የመግጠሙ ነገር እምብዛም ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ጎን ሲያቃጥል «ኩላሊቴ ነው» የሚል ብዙ ነው። ወጣት ላይ ሲወጣ ሐኪም የኤችአይቪ ምርመራ ቢያዝ አትቀየሙት፤ አቅም ሲዳከም ስለሚነሣ ነው እንጂ የያዘው ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ማለት አይደለም።

ክፉው ነገር ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለወራት የሚቆየው የነርቭ ሕመም ነው፤ ሸሚዝ እንኳ ሲነካው ያቃጥላል። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እናም ቀለም እየተቀባችሁ ሦስቱን ቀን አታሳልፉ። ግንባር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ያሰጋልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከንፈራችሁ ላይ ምች ካለ ደግሞ፣ አራስ ልትጠይቁ ብትሄዱ እንኳ ሕፃኑን አትሳሙት።