ስምንት ሰው የሚያድርበት ክፍል

ዛሬ የራሳችንን ድክመት እናጫውታችሁ።

ለብቻችን ኢስታንቡል በገባንበት ቀን ሱልጣን አህመድ ሰፈር ሆስቴል ያዝን። ሆስቴል ክፍል ሳይሆን አልጋ የሚከራዩበት ቤት ነው። አራት ተደራራቢ አልጋ፣ ስምንት ሰው፤ አንዱንም አናውቅም።

የዐስር ሰላት ወቅት ሊወጣ ተቃርቧል። ውዱእ አድርገን ተመለስን፤ መስገጃችንን ከሻንጣ ማውጣት ግን አፈርን። «ምን ይሉን ይሆን?» አልን። በየሳምንቱ ወጣቶችን «በሰላታችሁ አትፈሩ» የምንለው እኛው!

በመጨረሻ ከታችኛው አልጋ ያለውን ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስፈቀድነው። ሙስሊም አልነበረም። ቦርሳውንና ጫማውን አንስቶ ቦታ ለቀቀልን፤ ሙዚቃውንም ዘጋ። አዲስ አበባ ወደ ሰሜን ነበር የምንዞረው፤ እዚያ ወደ ደቡብ ምስራቅ ዞረን፣ እንደ ሙሳፊር አሳጥረን ሁለት ረከዓ ሰገድን።

ማታ ተራው የእኛ ሆነ። የሱብሒ ደወል ማንንም እንዳይቀሰቅስ የስልካችንን ድምፅ አጥፍተን፣ በንዝረት ብቻ ትራሳችን ስር አደረግነው።

ለትምህርትም ለሥራም ለብቻችሁ የምትወጡ ወጣቶች ሆይ፣ ያስፈራን ሰው አልነበረም፤ የገዛ ግምታችን ነበር። ሰላታችሁን አትደብቁ፤ የጎረቤታችሁንም እንቅልፍ አትርሱ። ወላሁ አዕለም።