ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ፀሐይን ማየት

ፀሐይን የማያውቅ ሰው የለም፤ ፊቷን አይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በየጧቱ ብርሃኗን እንቀበላለን፤ በብርድ ጊዜ ሙቀቷን እንፈልጋለን፤ ሰዓታችንንም በእርሷ እንቈጥራለን። ዐይናችንን አንሥተን ልናያት ስንሞክር ግን ታሸንፈናለች። እኔም 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሌንስ የተገጠመለት አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ እስካገኝ ድረስ፥ ፀሐይ ዘወትር አንድ ዐይነት ፊት ያላት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ አለመሆኑን የተማርሁት በሁለት ጉዞዎች ነው፤ አንደኛው ወደ ላሊበላ፥ ሁለተኛው ወደ እንጦጦ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁን 21 ቀን 2020፥ እሑድ ነበረ። በዚያን ዕለት ከኮንጎ ተነሥቶ በመካከለኛው አፍሪካ፥ በደቡብ ሱዳን፥ በኢትዮጵያና በኤርትራ በኩል ወደ የመን ተሻግሮ እስከ ሩቅ ምሥራቅ የሚዘልቅ የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚሆን አስቀድሞ ታውቆ ነበር። መንገዱ በላስታ ምድር ላይ ስለሚያልፍ፥ ቴሌስኮፔን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከሁለት ቀን በፊት ላሊበላ ገባሁ። ከአንድ ወጥ ዐለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት የታወቀችው ይህች ከተማ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ስለ ነበረ እንግዳ የሚባል አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በማለዳ ቴሌስኮፑን ከአንድ የወይራ ዛፍ አጠገብ በሦስት እግሩ አቆምሁ። ጫፉን ወደ ፀሐይ አዙሬ፥ ዐይን በሚጠጋበት ሌንስ በኩል የሚወጣውን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ አሳረፍሁት። እንዲህ ሲደረግ ተመልካቹ በሌንሱ አያይም፤ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ወረቀቱን ይመለከታል እንጂ። ይህን ዘዴ የጋሊልዮ ደቀ መዝሙር የነበረው ቤኔዴቶ ካስቴሊ አስቦት፥ ጋሊልዮ በ1612 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፀሐይን ነጥቦች ቀን በቀን ሥሎበታል። በወረቀቴ ላይ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ብሩህ ክብ ታየች። የፀሐይ ወርድ የምድርን ወርድ 109 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፥ ምድራችን በዚያው ልክ ብትሣል ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም።

ነጠላ የለበሱ ሰዎች ቀስ በቀስ ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌ ግን ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ራቅ ብለው ተቀመጡ። «አባቴ፥ ይቅረቡና ይመልከቱ» ብላቸው፥ «እኔ አንድ ጊዜ አይቻት ዋጋዬን አግኝቻለሁ፥ ልጄ» አሉኝ። በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ፀሐይ ተጋርዳ፥ በጥላሸት ባጠቈሩት የጠርሙስ ስባሪ ትክ ብለው ተመልክተዋት ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀኝ ዐይናቸው የሰው ፊት ለይተው አያዩም። «በዚያን ሰዓት ምንም አላመመኝም፤ የሆንሁትን ያወቅሁት ማታ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ብርሃንን የሚቀበለው የዐይን ውስጠኛ ክፍል ሕመም አይሰማውምና ሲቃጠል አያስጠነቅቅም።

ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው እንደሚቆሙ ባስረዳቸው ጊዜ ተነሥተው መጡ። ጨረቃ የክቧን ጠርዝ መግመጥ ጀምራ ነበር። ከወይራው ቅጠሎች መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የሚወድቀው እያንዳንዱ የብርሃን ጠብታ የማጭድ ቅርጽ ያዘ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀኑ እንደ ምሽት ደበዘዘ፤ በወረቀቱ ላይም ክቧ ቀጭን ቀለበት ሆነች። በዚያን ዕለት ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ ለመሸፈን ጥቂት አንሳ ስለ ታየች የእሳቱ ጠርዝ ዙሪያውን ተረፈ። አንድ ደቂቃ ያህል ማንም አልተነፈሰም። ቀለበቱ ሲሰበር ሽማግሌው ወደ ወረቀቱ ጐንበስ ብለው፥ «ፊቷ ሁልጊዜ እንዲህ ንጹሕ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በእውነትም በክቧ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አልነበረችም። ነጥብ የምታወጣበት ጊዜ እንዳለ ማንበቤን፥ በዐይኔ ግን ገና አለማየቴን ነገርኋቸው። «ነጥብ ያወጣች ዕለት ሥዬ አመጣልዎታለሁ» አልሁ። እርሳቸውም «እንግዲህ ቃልህን ይዣለሁ» አሉኝ።

የሽማግሌውን ጥያቄ ከእርሳቸው በፊት በትዕግሥት የመለሰ አንድ ሰው ነበር። ሳሙኤል ሃይንሪሽ ሽዋበ ይባላል፤ በጀርመን አገር በዴሳው ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ነበረ። ከ1826 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ሰማዩ በተገለጠ ቀን ሁሉ በትንሽ ቴሌስኮፕ ፀሐይን እየተመለከተ ነጥቦቿን ይቈጥር ነበር። የፈለገው ከአጣርድ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ ሌላ ፕላኔት ነበረ፤ ያ ግን አልተገኘም። ነገር ግን የ17 ዓመት መዝገቡን ሲመረምር ነጥቦቹ በ10 ዓመት ያህል ጊዜ እየበዙና እየጠፉ እንደሚመላለሱ አወቀ። በ1844 ሲያስታውቅ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በኋላ ግን ሩዶልፍ ቮልፍ የተባለው የስዊስ ሊቅ የቀድሞ መዛግብትን ሰብስቦ ዙሩ በአማካይ 11 ዓመት ያህል መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1857ም የለንደን የንጉሣዊ ሥነ ፈለክ ማኅበር ለሽዋበ የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው።

እኔ ላሊበላ የደረስሁት እንግዲህ ፀሐይ በምታርፍበት ወራት ነበረ። የዙሩ ዝቅተኛ ጊዜ ዲሴምበር 2019 ሆኖ፥ አዲሱ ዙር ገና መጀመሩ ነበረ።

ሁለተኛው ጉዞዬ አጭር ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ። በ2016 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት፥ ሚያዝያ 28 ቀን፥ ገና ብርዱ ሳይለቅ በሽሮ ሜዳ በኩል ወጣሁ። በተራራው ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበት የሥነ ፈለክ ጣቢያ አለ፤ እነዚያ የሌሊቱን ከዋክብት ለመመርመር የተሠሩ ናቸው። ለእኔ ግን ያች የ60 ሚሊሜትር መሣሪያ ትበቃኝ ነበር። ፀሐይን ለማየት ማለዳ ይመረጣል፤ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ መንቀጥቀጥ ስለሚጀምር ምስሉ እንደ ውኃ ይዋልላልና።

ወረቀቱን ስዘረጋ አቧራ ያረፈበት መሰለኝና በእጄ ጠረግሁት። አቧራ አልነበረም። ነጥቦቹ እዚህም እዚያም ጐራ ጐራ ለይተው ተበትነዋል። ትልልቆቹ በመካከላቸው ጥቁር፥ በዙሪያቸው ግራጫ ናቸው። ከክቧ ጠርዝ አጠገብም ከቀረው ፊቷ ይልቅ የሚያበሩ ነጫጭ ክሮች ይታያሉ። ነጥቡ ጥቁር መስሎ የሚታየው በንጽጽር ነው። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ፥ የነጥቡ መካከል 4,000 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ለብቻው ቢታይ ግን ዐይን ያጥበረብራል። ምክንያቱንም አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳየ፤ በነጥቡ ውስጥ ያለው የማግኔት ኃይል እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ከታች የሚመጣውን ሙቀት ያግደዋል።

በሚያዝያ 30 ተመለስሁ፤ በግንቦት 2ም እንደ ገና ወጣሁ። ሰኞ ዕለት እንደ ነገሩ የሣልሁት አንድ የነጥብ ጐራ ዓርብ ሲሆን በወረቀቴ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር፥ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፥ ረዝሞ አገኘሁት። ከጤፍ ፍሬዋ ጋር ሳስተያየው ምድራችንን የመሰሉ 15 ያህል በላዩ ተደርድረው ሊያልፉ ይችሉ ነበር። ደግሞም ወደ ምዕራብ ተራምዷል፤ ፀሐይ ራሷ ስለምትዞር ከእኛ ስትታይ አንድ ነጥብ በምሥራቅ ጠርዝ ወጥቶ በምዕራብ ጠርዝ ለመጥለቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይበቃዋል።

በዚያው ዓርብ ማታ ከዚሁ ጐራ የተወረወረው ደመና ምድርን መታ። ከ2003 ወዲህ ያልታየ ብርቱ የማግኔት ማዕበል ሆነ፤ በዋልታዎች አጠገብ ብቻ የሚታወቀው የሰማይ ብርሃንም በሩቅ አገሮች ታየ። በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ምንም አላየሁም። ሆኖም መንሥኤውን በዚያው ጧት በእርሳስ ሥዬው ነበርና ወሬውን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ዙር ከፍተኛ ደረጃውን የደረሰው በኦክቶበር 2024 ነው።

ይህን ሥራ ሊጀምር ለሚወድ አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዐይን ሌንሱ በኩል በቀጥታ ወደ ፀሐይ መመልከት ለቅጽበት እንኳ አይገባም፤ በጥላሸት የጠቈረ መስታወትና የራጅ ፊልምም አያድኑም። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ሰው ከቴሌስኮፑ ፊት ያስረው እንጂ ከኋላ አያድርገው። ከዋናው ጐን የምትገኘው ትንሿ ማነጣጠሪያ መነጽር ክዳኗ ይዘጋ። እኔ በእንጦጦ ይህን ረስቼ የካፖርቴ እጅጌ ጢስ ሲሸት ነው የነቃሁት፤ ያ ቀዳዳ የልጅ ዐይን ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ መሣሪያውን ያለ ጠባቂ ትቶ መሄድ ፈጽሞ አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ላሊበላ ለመሄድ አልሆነልኝም። ሥዕሎቹ ግን በደብተሬ ውስጥ አሉ። ለሽማግሌው የምወስድላቸው ነጥብ የሞላበትን ሥዕል ብቻ አይደለም፤ በሰኔ 14 አብረን ያየናትን ባዶ ክብም ከጐኑ አደርጋለሁ። የጠየቁኝ ሁልጊዜ ንጹሕ መሆኗን ነበርና መልሱ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ናቸው። ቴሌስኮፑንም እይዛለሁ፤ የጐዳቻቸው ፀሐይ በደኅናው ዐይናቸው ፊት ነጥቦቿን አንድ ጊዜ ብታሳያቸው ደስ ይለኛል።