«ለምን ይጠቅማል?» ያለኝ ተማሪ

ይህን አጭር ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሳሳኝ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ የደረሰብኝ ሐፍረት ነው።

የተመደብኩት 8ኛ ክፍል ነበር። የፓይታጎራስን ቲዎረም ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ሁለቱ ጎኖች 3 እና 4 ቢሆኑ ትልቁ ጎን 5 እንደሚሆን አስረድቼ ስጨርስ አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይጠቅማል?» አለኝ። ልጁ ከትምህርት በኋላ ሬዲዮ ጠጋኝ አጎቱ ዘንድ እንደሚውል ሰምቻለሁ። እኔ ግን «ለፈተና ይጠቅምሃል፣ ተቀመጥ!» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁም ተቀመጠ፤ ከዚያን ቀን ወዲያ እጁን አላወጣም። እውነቱን ለመናገር መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር። ነገሩ ሆዴን ሲበላኝ ከረመ።

ከልምምድ እንደተመለስን አንድ የፊዚክስ መምህራችን ኮምፒዩተር ላይ የምትሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል መቀበያ አሳዩን። ለቴሌቪዥን መመልከቻ ተብላ የተሠራች ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ግን ሬዲዮ ወዳዶች ለሌላም ስርጭት መቀበያ አድርገዋታል።

እንደሚታወቀው የሰው ድምፅ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ጣቢያው በፍጥነት በሚርገበገብ ሞገድ ላይ ይጭነዋል። ለምሳሌ በኤፍ ኤም 97.1 ማለት በሴኮንድ 97 ሚሊዮን 100 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ነው። ሞገዱን አህያ፣ ድምፁን ጭነት እንበል፤ ዲሞጁሌሽን ማለት እንግዲህ ጭነቱን ማራገፍ ነው። በድሮው የኤ ኤም ሬዲዮ ይህን የሚሠሩት ዳዮድና ካፓሲተር ናቸው። በዲጂታሉ ግን የሚያራግፈው ስሌት ነው። መቀበያዋ ሞገዱን ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ካወረደች በኋላ በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ ያህል እየለካች፣ በየልኬቱ ሁለት ሁለት ቁጥር ትሰጣለች። አንዱን ወደ ጎን፣ ሌላውን ወደ ላይ አድርገን ብንስላቸው የ90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ይሠራሉ።

መምህሩ «እንግዲህ የሞገዱ ጥንካሬ የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። እኔ ብድግ ብዬ «ትልቁ ጎን!» አልኩ። ለካስ ነገሩ ያው ፓይታጎራስ ነው! በኤ ኤም ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ጥንካሬ ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ስኩዌር ሩት ማውጣት ይበቃል። በኤፍ ኤም ደግሞ የሚፈለገው የጎኑ ርዝመት ሳይሆን፣ ከአንዱ ልኬት እስከ ቀጣዩ ማዕዘኑ ምን ያህል እንደዞረ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ሲያሰላ ቆይቶ የሰው ድምፅ ከስፒከሩ ብቅ ሲል ያ ልጅ በዓይኔ መጣ።

የልምምዱ ጊዜ ቢያልቅም የክፍሉን አስተማሪ ለምኜ 10 ደቂቃ ተፈቀደልኝ። ሰሌዳው ላይ አምስት ጥንድ ቁጥሮች ጻፍኩ፦ 3 እና 4፣ 6 እና 8፣ 5 እና 12፣ 8 እና 6፣ 4 እና 3። ልጁን አስወጥቼ አሠራሁት። 5፣ 10፣ 13፣ 10፣ 5 አገኘ። ነጥቦቹን በመስመር ሲያገናኛቸው ኮረብታ የመሰለ ነገር ወጣ። «ከሬዲዮ የምንሰማው ድምፅ እንዲህ ያለ ከፍ ዝቅ ነው። የዚያን ቀን ላልመለስኩልህ ጥያቄ መልሱ ይኸው፤ ስላሳቅሁብህም ይቅርታ» አልኩት።

ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሁለት ጣቢያ አንድ ላይ ቢመጣስ?» አለኝ። እንዴ! ይህንንም አላሰብኩበትም። አሁን ግን ተቀመጥ አላልኩትም፤ «ጠይቄ እመጣለሁ» አልኩት። በማግስቱም ይዤለት ሄድኩ፤ ጣቢያዎቹ የየራሳቸው ፍሪኩዌንሲ ስላላቸው ፕሮግራሙ አስቀድሞ የተፈለገውን ብቻ ያስቀራል፤ ፓይታጎራስ ከዚያ በኋላ ነው።

እጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ነገ ክፍል ስንገባ እንዲህ ያለ ልጅ ይጠብቀናል። ቸር ይግጠመን።